ሁለት ጊዜ የማንረከበው ድንጋይ

ድንጋይ ሲጠረብ ሽታ አለው። ተጭሮ ሳይያያዝ የቀረ ክብሪት የሚተወውን ሽታ ይመስላል፤ አንዴ አፍንጫ ውስጥ ከገባ ቶሎ አይወጣም። ሰሞኑን ጠዋት መስኮቴን ስከፍት ከኮረብታው ላይ፣ ከትምህርት ቤቱ በኩል፣ ይኸው ሽታ ከጭጋጉ ጋር እየወረደ ይመጣል። ሁለት የቀን ሠራተኞች መሮና መዶሻ ይዘው በአዲሱ ሕንፃ ግድግዳ ላይ የድንጋዮቹን ፊት ይፍቃሉ። ለምን እንደሚፍቁ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ለማታውቁት እኔ እነግራችኋለሁ። ሰባን ያለፍኩ ጡረተኛ አስተማሪ ነኝ፤ ከእንግዲህ የምፈራው ጉንፋንና የሚያንሸራትት ጭቃ ብቻ ነው።

ያን ሽታ መጀመሪያ ያወቅሁት ገና ወጣት መምህርት ሳለሁ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ልናገር ብል እዋሻለሁ። ያን ጊዜ መንግሥት ሲለወጥ ማኅተሙም፣ የጽሕፈት ቤቱ ስምም፣ አንዳንዴም ሰላምታው ራሱ አብሮ ይለወጥ ስለነበር ዘመኑን የማስታውሰው በሌላ ነገር ነው። ሻይ በአምስት ሳንቲም የሚጠጣበት፣ በአንድ ስሙኒ ከእጅ የሚተርፍ እንቁላል የሚገዛበት ጊዜ ነበር። አባቴ ከሸዋ በኩል መጥቶ ቦንጋ የቀረ የጨርቅ ነጋዴ፣ እናቴ የከፋ ልጅ ናት፤ ስለዚህ በቤታችን ንግዱ በአማርኛ፣ ቁጣው በካፊኖኖ ነበር። ገበያው ማዕዘን ላይ የእግር መኪና የነበረው አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እኔና ጓደኞቼ ከበረንዳው ላይ ተሰልፈን ቀሚሳችንን እናሳጥር ነበር። አጭር ቀሚስ ከጎማ ቦት ጋር ነው የለበስነው፤ በከፋ ዝናብ ሌላ ምን ይደረጋል? ወንዶቹ አፍሯቸውን አበጥረው፣ ሱሪያቸው ከታች እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ፣ ጭቃውን እየጠረጉ ይሄዱ ነበር። ከልብስ ሰፊው ቀጥሎ ያለው ሻይ ቤት ሬዲዮ ስለነበረው ቅዳሜ ከሰዓት ዘፈን ምርጫ ሲጀምር መንገዱ ይዘጋ ነበር። ዛሬ ያ ማዕዘን ሞባይል የሚጠገንበት ነው፤ ዘፈኑ አልቀረም፣ የሚቆምለት ሰው ነው የቀረው።

ትምህርት ቤታችን ያኔ ሣር ክዳን ነበር። ሁለት ክፍል ተማሪ በአንድ አዳራሽ ጀርባና ጀርባ ሰጥቶ ይቀመጣል፤ እኔ ማባዛት ሳስተምር ከኋላዬ ያለው መምህር ፊደል ያስቆጥራል፤ ልጆቹ ሁለቱንም ተምረው ይወጣሉ። ዝናብ ሲበረታ ሁላችንም ወደ አንድ ጥግ እንሰበሰባለን። ሕዝቡ አዲስ ቤት ይሠራልን ብሎ አመለከተና ከላይ የመጣው መልስ፣ ድንጋይና ጉልበት ከናንተ፣ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ከእኛ የሚል ሆነ። እኛ ጋ ደግሞ ጉልበት መጠራት ያውቅበታል። በከፋ ዳዶ የሚባል የሥራ ልማድ አለ፤ ሌላው አገር ደቦ የሚለው ነው። ዛሬ የእኔን ማሳ፣ ነገ ያንተን እንቆፍራለን። የተጻፈ ሕግ የለውም፤ አንድ ነገር ግን አለው። ዳዶን ያታለለ ሰው፣ የሰው ጉልበት በልቶ የራሱን የከለከለ ወይም የጋራውን ለብቻው ያደረገ፣ አይሰደብም፤ ሸንጎም አይቆምም። ተራው ሲደርስ ሰዉ ሁሉ ይመጣል፤ ከማሳው ዳር ይቀመጣል፤ መቆፈሪያ የሚያነሣለት ግን አይገኝም። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ትስቅ ነበር። በዚያ ዝምታ ፊት ከቆመ ሰው ይልቅ የታሰረ ሰው ይሻላል ትላለች።

ግንበኛው ጋሽ ተሰማ ይባላል። ከሰሜን በኩል የመጣ፣ አጭር፣ ባርኔጣውን ለቤተ ክርስቲያን ካልሆነ የማያወልቅ ሰው ነበር። ሰዉ በየሰፈሩ ተደራጅቶ ከወንዙ ድንጋይ እየተሸከመ ያመጣና ለየብቻው ይከምራል። በሁለተኛው ሳምንት ጠብ ተነሣ። የላይ ሰፈር ሰዎች ክምራችን ተሰረቀ አሉ፤ የገበያው ነጋዴዎች ደግሞ የእኛን ነው የላይ ሰፈሮች የወሰዱት አሉ። ጋሽ ተሰማ ሲሰማ ቆየና መሮውን አነሣ። ለየሰፈሩ ምልክት አወጣ፤ ከዚያም ትልልቁን ድንጋይ ሲጠርብ ፊቱ ላይ የባለቤቱን ምልክት እየቀረጸ ያስቀምጥ ጀመር። ለላይ ሰፈር ሦስት ጭረት፤ ለነጋዴዎቹ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ፣ ሚዛን፤ ከወንዙ ማዶ ለነበሩት ንብ አናቢዎች ቀፎ። ጠቡ እዚያው ሞተ። ከዚያ በኋላ ፉክክር ነው የሆነው፤ ሴቶቹ በጀርባ፣ ወንዶቹ በትከሻ፣ በዘፈን እየተቀባበሉ ዳገቱን ሲወጡ ከክፍሌ መስኮት ማየት ማስተማሩን ያስረሳኝ ነበር።

አሁን የማወራው አያኮራኝም፤ ዘሎ ማለፉ ግን ውሸት ይሆናል። ከጫካው ዳር የሚኖሩ፣ ያን ጊዜ በአንድ ገበታ የማናስቀምጣቸው ሰዎች ነበሩ። ገበያ ሲመጡ ከዳር ይቆማሉ፤ ቤት አይገቡም፤ እኛም ከእነሱ ቤት ውሃ አንጠጣም። እኔ የተማርኩት፣ አጭር ቀሚስ የለበስኩት ዘመናይ፣ አልጠጣሁም። እነሱ ሳይጠሩ ድንጋይ ይዘው መጡ። ክምራቸውን ከሁሉም ራቅ አድርገው፣ ከአጥሩ ሥር ከመሩት፤ ሳይታወቅ ከሁሉም በለጠ። ምልክት ሲወጣ ማንም አልጠራቸውም። ጋሽ ተሰማ ራሱ ሄዶ ምን ይሁንላችሁ አላቸው። አንድ ሽማግሌ፣ ማንኛውም ይሁን፣ ብቻ ድንጋዩ ይግባ ብለው መለሱ። ጋሽ ተሰማ አንድ ክብ ቀረጸና በክቡ ውስጥ አንድ አነስ ያለ ክብ ጨመረ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት።

«ገበታ ነው» አለኝ። «እናንተ የከለከላችኋቸውን እኔ በድንጋይ ሰጠኋቸው።»

ለብዙ ቀን ዓይኑን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። አፈርኩ፤ እስካሁንም ሳስበው ፊቴ ይሞቃል።

ያኔ ሌባ አልነበረም እንዳትሉኝ። «በእኛ ጊዜ» እያለ የሚያለቅስ ሽማግሌ ይሰለቸኛል። ግድግዳው አልቆ ቆርቆሮው በጭነት መኪና ሲመጣ፣ የወቅቱ አስተዳዳሪ ከቆርቆሮው ከፍሎ የራሱን ማድ ቤት አለበሰበት። በጠራራ ፀሐይ ነው ያደረገው፤ ፀሐይ በወጣችበት ብርቅ ቀን ደግሞ የማድ ቤቱ ጣሪያ ከገበያው ድረስ ያብረቀርቅ ነበር። ሰውየው ሽጉጥ ይታጠቃል፤ የሚናገረው አልነበረም። ጋሽ ተሰማ መሮውን አስቀምጦ ከተረፈው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። በማግሥቱም መጥቶ ተቀመጠ። ድንጋይ ያመጡት ሰዎች ይህን ሲያዩ ገባቸው፤ እየመጡ ከጎኑ ይቀመጡ ጀመር፤ ሦስት ጭረቱም፣ ሚዛኑም፣ ቀፎውም፣ ራቅ ብለው ደግሞ ባለ ገበታዎቹ። ማንም ቃል አልተነፈሰም። አስተዳዳሪው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ተቆጣ፤ በአራተኛው ቀን ጠዋት ስንመጣ ቆርቆሮው ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ተደርድሮ አገኘነው። ምስማር የበሳው ቀዳዳ ነበረበት። በዚያ ቀዳዳ ዝናብ ጠብ ሲል ባልዲ እየደቀንን ዓመታት አስተማርን፤ ልጆቹም የባልዲውን ታሪክ ከታሪክ ትምህርቱ ይልቅ ያውቁት ነበር። በእረፍት ሰዓት ግድግዳው የተቀባውን ኖራ በጥፍራቸው እየፋቁ የአያታቸውን ድንጋይ ይፈልጉ ነበር፤ ያገኘ ልጅ እዚያው ሥር ቁጭ ብሎ ዳቦውን ይበላል።

ያን ቤት ነው እንግዲህ አርጅቷል ብለው ያፈረሱት። ውሸት ነው አልልም፤ ጣሪያው ደክሞ ነበር። ግቢው በቆርቆሮ አጥር ታጠረ፤ ከፊቱ ትልቅ ማስታወቂያ ቆመ። የፕሮጀክቱን ዋጋ ለማንበብ መነጽሬን አውጥቼ ዜሮዎቹን በጣቴ እየነካሁ ሄድኩ፤ አንድ ቦታ ላይ ጠፋብኝና እንደገና ጀመርኩ። ለአራት ክፍል ነው። ከአጥሩ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ለማየት ብንጠይቅ ሳይቱ አደገኛ ነው ተባልን። ሥራው ተጓተተ፤ ሲሚንቶ ጨመረ ተብሎ ዋጋው ሁለት ጊዜ ተከለሰ፤ ማስታወቂያው ላይ በአሮጌው ቁጥር ላይ አዲስ ተለጠፈበት። የኮንትራክተሩ መኪና ግን በዚያ መሐል ተለወጠች፤ እሷስ አልተጓተተችም። በመጨረሻ አጥሩ ተነሣ። ከመሠረቱ እስከ መስኮቱ ግርጌ ጥርብ ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ ብሎኬት ነው ተባለ፤ እኛ ያየነው ግን ከላይ እስከ ታች የተለሰነ ቢጫ ግድግዳ ነው። መሐንዲሱን፣ ልጄ፣ ጥርብ ድንጋይ ለምን ይለሰናል፣ ውበቱ እኮ እሱ ነው አልኩት። ለፊኒሺንግ ነው እማማ ብሎኝ ወደ ስልኩ ዞረ።

ሕንፃው ያኔውኑ ቢመረቅ ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራም ነበር። ነገር ግን ሪባን የሚቆርጥ ትልቅ እንግዳ ይምጣ ተባለ። ድንኳን ተተከለ፤ የሕንፃው ሥዕል ያለበት ካናቴራና ኮፍያ ታተመ፤ ሰንጋ ተገዝቶ ግቢው ውስጥ ታሰረ። እንግዳው በዚህ ሳምንት አልተመቻቸውም፤ በሚቀጥለውም አልተመቻቸውም። ሰንጋው ወፈረ። ዝናቡ ደግሞ ከማንም ጋር ቀጠሮ የለውም። የከፋ ዝናብ ነው፤ ቀን ሲጥል ውሎ ማታ ረስቼ ነበር ብሎ ይመለሳል። ልስኑ ከሲሚንቶው ይልቅ አሸዋው የበዛበት ስለነበር ከታች ጀምሮ እየረጠበ፣ እያበጠ፣ እንደ ቆጮ ቂጣ እየተላጠ ይወርድ ጀመር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? በሦስተኛው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ከተላጠው ሥር ሦስት ጭረት አየሁ። ቆምኩ። ትንሽ ራቅ ብሎ ሚዛን። የማዕዘኑ አንደኛ ክፍል ጋ ደግሞ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ጣቴን አስገባሁበት፤ ጣቴ ሙሉ በሙሉ ገባ።

የርክክብ ኮሚቴው ውስጥ የኅብረተሰብ ተወካይ ሆኜ ተመርጬ ነበር። የተመረጥኩት በእውቀቴ አይደለም፤ አንድ ሴት መኖር አለባት ተብሎ ነው፤ አሮጊት ደግሞ ክርክር አታበዛም ብለው አስበው መሆን አለበት። ልጄ ሕይወት ያን ሥራ በሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት በኮንትራት የምትሠራ ጸሐፊ ናት፤ ኮንትራቷ በየስድስት ወሩ ይታደሳል፤ የሚያድሰው የክፍሉ ኃላፊ ምትኩ ነው። ምትኩን እኔ ነኝ ያስተማርኩት፤ በዚያው በፈረሰው ቤት፣ ከባልዲው አጠገብ ነበር የሚቀመጠው። ከርክክቡ ሁለት ቀን በፊት ስኳርና ብርቱካን ይዞ ቤቴ መጣ። ጤናዬን ጠየቀ፤ ስለ ጉልበቴ አዘነ፤ የድሮውን እያነሣ አሳቀኝ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ብዬ በልቤ ጠበቅሁት።

«ቲቸር፣ ሐሙስ ትንሽ ፊርማ አለችብን» አለ። «ፎርማሊቲ ናት።»

«ግድግዳው ተሰንጥቋል፣ ምትኩ።»

«እሱ ይለሰናል። ኮንትራክተሩ ቃል ገብቷል።»

«ድንጋዩስ? የአሮጌው ቤት ድንጋይ እኮ ነው። ሰነዱ ላይ ምን ተብሎ ነው የተጻፈው?»

ብርቱካኑን አየ። «ቲቸር፣ እነዚህን ነገሮች እርስዎ አይግቡባቸው። ከእኔም በላይ የሚወስኑ አሉ። የሕይወት ኮንትራትም በዚህ ወር ነው የሚያልቀው፤ እኔ ለእሷ አስቤያለሁ፤ ቋሚ የምትሆንበት መንገድ አለ።»

ልጁ ክፉ አልነበረም። ይኼን የምለው ስላስተማርኩት አይደለም፤ ይህን ሲናገር ድምፁ ስለተሰበረ ነው። ብርቱካኑን መልሼ ከእጁ ላይ አስቀመጥኩና እስከ በሩ ሸኘሁት።

ሕይወት ስትመጣ ነገርኳት። እኔ ድንጋይ ድንጋይ እያልኩ የእሷን እንጀራ ልቆርጥ ነውና እንድትፈርድ ፈለግሁ። ጫማዋን ከጭቃው እያራገፈች አዳመጠችኝ። ባሏ አዲስ አበባ ሥራ ፍለጋ ከሄደ ዓመት አልፎታል፤ ቤቱ የሚቆመው በእሷ ደሞዝና በእኔ ጡረታ ነው።

«ከፈረምሽ ሥራዬ ላይ እቆያለሁ» አለች። «ግን እማዬ፣ ማርታ በመስከረም አንደኛ ክፍል ትገባለች። የት ነው የምትቀመጠው?»

የልጅ ልጄን መቀመጫ አስቤው አላውቅም ነበር። ጣቴ የገባበት ግድግዳ ሥር ነው።

«ታዲያ ምን ትይኛለሽ?» አልኳት።

«እኔ ምንም አልልሽም። ብቻ ብትፈርሚ ማርታን እዚያ ይዘሻት የምትሄጂው አንቺ ነሽ።» ይህን ብላ ራት ልትሠራ ገባች፤ ድስቱን ከወትሮው ጠንከር አድርጋ አስቀመጠችው። እሷም ፈርታ ነበር፤ እኔም ፈርቼ ነበር። ደፋር ነኝ የሚል ሰው ልጁ የምትበላውን አስይዞ ይሞክረው።

ሐሙስ ጠዋት ዝናቡ ፋታ ሰጠ። ባልዲ ውሃና የወለል ብሩሽ ይዤ ዳገቱን ወጣሁ። ኮሚቴው በሙሉ ነበር፤ ምትኩ፣ መሐንዲሱ፣ ኮንትራክተሩ፣ ርእሰ መምህሩ፣ የወላጆች ተወካይ። እንግዳው አሁንም ስላልመጡ ርክክቡ ይቅደም ተብሎ ነው። ሰነዱ ተነበበ። ከሩቅ የድንጋይ ካባ ተጠርቦ፣ ተጓጉዞ የመጣ አዲስ ድንጋይ ይላል፤ የአሮጌው ሕንፃ ፍርስራሽ ደግሞ ተጭኖ ተወግዷል ይላል፤ ለማስወገጃውም ተከፍሏል። እስኪያልቅ ጠበቅሁና ባልዲውን አንሥቼ ወደ ግድግዳው ሄድኩ። ልስኑ በተላጠበት ቦታ ውሃ ደፍቼ መፈግፈግ ጀመርኩ። ኮንትራክተሩ እማማ ይበርዶታል ተዉት አለ። ሦስት ጭረት ወጣ። ይህ የላይ ሰፈር ነው አልኩ። ቀጠልኩ፤ ሚዛን ወጣ። ይህ የገበያ ሰፈር። መሐንዲሱ የጠራቢ ጭረት እኮ ነው አለ። ርእሰ መምህሩ ያኔ የእኔ ተማሪ የነበረ ነው፤ አይደለም አለ፤ ከዚያ በፊት በስብሰባ ላይ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ከበሩ ውጭ የሚያልፉ ሰዎች መሰብሰብ ጀመሩ። ከእነሱ መሐል ጋሽ ገብሬ ነበሩ። ጋሽ ገብሬ ከጫካው ዳር ካሉት ናቸው፤ ኮረሪማ ሊሸጡ ገበያ መውረዳቸው ነበር። ጆንያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ቀስ ብለው ገቡና በማዕዘኑ በኩል፣ ከስንጥቁ ሥር፣ አጎነበሱ። ጭቃውን በመዳፋቸው ጠረጉት። ክብ በክብ ውስጥ ነበር።

«ይሄ የአባቴ ነው» አሉ። አማርኛቸው ዝግ ያለ ነው፤ ቃል ይመርጣሉ። «አባቴ ሲሸከም እኔ ከኋላ ነበርኩ። ትከሻው ቆሰለ። እናቴ ቅቤ ቀባች። በነገታው ሌላ ድንጋይ ተሸከመ።» ቀና ብለው ሰነዱን የያዘውን ምትኩን አዩት። «ስንት ብላችሁ ሸጣችሁት?»

 ኮንትራክተሩ ስልኩን ወደ ኪሱ ከተተ። ምትኩ እስክሪብቶውን ለእኔ ዘረጋልኝ፤ ከልማድ ይሁን ከድንጋጤ አላወቅሁም። ተቀበልኩት። ፊርማ ከሚለው መስመር ላይ አልፈረምኩም፤ አስተያየት ከሚለው ቦታ ላይ ግን በዚያ ሠላሳ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጻፍኩበት እጅ፣ ድንጋዩን ከአባቶቻችን ተረክበናል፣ ሁለት ጊዜ አንረከብም፣ ልጆቻችንንም ከዚህ ግድግዳ ሥር አናስቀምጥም ብዬ ጻፍኩ።

«ወረቀቱን አበላሹት፣ ቲቸር» አለ ምትኩ ቀስ ብሎ።

«ወረቀት ርካሽ ነው፤ ሌላ አትሙ» አልኩት።

ከዚያ እርጥብ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ስለዛለ ነው የተቀመጥኩት፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ጋሽ ገብሬ ግን ከአጠገቤ ተቀመጡ፤ ቀጥሎ ከደጅ የገቡት ሁለት ሴቶች፤ ቀጥሎ ሌላው። የወላጆች ተወካይ እስክሪብቶውን ክዳኑን ገጥሞ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና እሱም መጥቶ ተቀመጠ። የሚናገር አልነበረም። እኔ ያን ዝምታ አወቅሁት፤ ከቆርቆሮው ጊዜ ወዲህ አልሰማሁትም ነበር። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም።

የሕይወት ኮንትራት አልታደሰም። ምክንያቱ የበጀት እጥረት ነው ተብሎ በማኅተም ተጻፈላት፤ ካናቴራውና ሰንጋው ከየት በጀት እንደወጡ አልተጻፈም። አሁን ኮረሪማና ጥምዝ ከጋሽ ገብሬና ከማንኪራ መንደር ሰዎች እየገዛች፣ ያ ልብስ ሰፊ ከነበረበት ማዕዘን ሥር ትሸጣለች፤ አንዳንድ ሳምንት እስከ ሺሺንዳ ገበያ በአውቶቡስ ትወርዳለች። ደሞዙን አያህልም። ማታ ስትገባ እግሯን ለብ ባለ ውሃ አጥባታለሁ፤ አንዴም አልወቀሰችኝም፤ እኔ ግን ራሴን የምወቅስበት ሌሊት አለ። ለእኔም ደብዳቤ መጣልኝ፤ በዕድሜ መግፋት ምክንያት ከኮሚቴው ተነሥቻለሁ፤ ላበረከትኩት አስተዋፅዖ ምስጋና አለ። በእኔ ቦታ ሌላ ሽማግሌ መረጡ። አንዲት መስመር የማያነቡ፣ በጣት የሚፈርሙ፣ ከሰው ፊት የማይከራከሩ ብለው የመረጡት ማንን መሰላችሁ? ጋሽ ገብሬን ነው። የዚያን ዕለት ድንጋዩን እንጂ ፊታቸውን ያስተዋለ አልነበረም፤ ስማቸውንም የጠየቀ አልነበረም። በእኛ አገር የዳር ሰው አይታይም፤ ይህ አሮጌ በሽታችን ለአንድ ቀን ጠቀመን።

የቀለም ስፖንጁ ቀረበላቸው። ርእሰ መምህሩ እንዳወራልኝ፣ ጋሽ ገብሬ ስፖንጁን ረጅም ጊዜ አዩት፤ አውራ ጣታቸውን ከመዳፋቸው ውስጥ አጠፉና እጃቸውን ጋቢያቸው ሥር ከተቱት። ኮፍያና ካናቴራ ሲሰጧቸውም እጃቸውን አልዘረጉም። ወጥተው ከግድግዳው ፊት ለፊት ተቀመጡ። በማግሥቱ እኔም በርጩማዬን ይዤ ሄድኩ፤ ለጉልበቴ ነው።

እንግዲህ እነዚያ ሁለት ሠራተኞች የሚፍቁት እነዚህን ምልክቶች ነው። ምልክቱ ከጠፋ ወሬውም ይጠፋል ብሎ አንድ ብልህ አስቧል፤ ለመፋቂያውም በጀት ተይዞለት እንደሆነ አልጠየቅሁም። ዛሬ ጠዋት ወጥቼ አየሁት። አሮጌው ድንጋይ በዕድሜ ጠቁሯል፤ የተፋቀው ቦታ ግን ነጭ ሆኖ ከገበያው ድረስ ይታያል፤ ድሮ ምልክቱን ለማግኘት ኖራ መፋቅ ነበረብን፤ አሁን የጠየቀ ሰው ሁሉ ነጩን እያየ እዚህ ምን ነበር ይላል፤ እኛም እንነግረዋለን። ከጋሽ ገብሬ ቀጥሎ የተመረጡት አሮጊትም ሳይፈርሙ በርጩማቸውን ይዘው ከእኛ ዘንድ መጥተው ተቀምጠዋል፤ ከእሳቸው ቀጥሎ የተጠራው የነጋዴ ልጅ ደግሞ ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። ሰንጋው እስካሁን እንደታሰረ ነው። ትናንት ምትኩ በመኪናው መስኮት ብቅ ብሎ፣ ቲቸር፣ ሌላ የሚፈርም ሽማግሌ እየተፈለገ ነው አለኝ፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል ነበር።

«ፈልጉ» አልኩት። «በዚህ ከተማ ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ሁሉ እዚያ ግድግዳ ውስጥ ድንጋይ አለው።»